ጠበል የጠጣው አፈር

በቢቸና ከተማ እጇ የነካው ሁሉ ይበቅላል የምትባል ሴት አለች፤ እሷም እኔ ውበቴ ነኝ። ይህን ያወራሁት ራሴ ነኝ፣ ሌላ ሰው ሲለው ሰምቼ አላውቅም። ግን ውሸትም አይደለም። ጌሾዬ ይይዛል፣ ጎመኔ ጎረቤት እስኪሰለቸው ይተርፋል፣ ጤና አዳሜን በበሬ ያለፈ ሁሉ ቀንጥሶ እያሸተተ ይሄዳል። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ አተር የምታክል ቅጠል መጥታ መሳቂያ ያደረገችኝ።

ነገሩ የተከራዬ ነው። ሲስተር ንጋት ትባላለች፤ ከሆሳዕና ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፣ ከግቢዬ የዳሩን ክፍል ይዛ ትኖራለች። ሃይማኖቷ ሌላ ነው። እኔ እሱን አላይም፤ የምታየው ጎረቤቴ ሙሉዬ ናት፣ እኔ ሙሉዬ ያየችውን ለሌላው አደርሳለሁ እንጂ። ልጅቱ ግን ደግ ናት። ደም ግፊቴን ትለካልኛለች፣ ጨው ይቀንሱ ትለኛለች፣ እሺ እላታለሁ፣ አልቀንስም።

ይቺ ልጅ ከመስኮቷ በላይ በሽቦ ያንጠለጠለቻት አንዲት የሸክላ ማሰሮ አለቻት። ከማሰሮዋ አፍ ክር የመሰለ ግንድ ወደ ታች ይንዠረገጋል፤ ክሩ ላይ ደግሞ አተር አተር የሚያካክል አረንጓዴ ነገር ተደርድሮ ተሰክቷል። ፍሬ መስሎኝ ልቀምስ ስል ደርሳ ከለከለችኝ። ቅጠሉ ራሱ ነው እንዲያ የሚድበለበለው፣ ውኃውን እዚያ ውስጥ እያጠራቀመ ነው የሚኖረው አለች። ስሙን በፈረንጅኛ ነግራኝ ነበር፣ ምላሴ እምቢ አለ። ለእኔ ቁርጥ መቁጠሪያ ነው የመሰለኝ። የንጋት መቁጠሪያ አልኩት፣ ሰፈሩም እንደዚያው አለ።

ተክሏ ከእናቷ ደጅ የመጣች ናት። እናቷ አርፈዋል፣ ቤቱም ለሌላ ሰው ሆኗል፣ ልጅቱ ከዚያ ግቢ ይዛ የወጣችው ይቺን ብቻ ነው። ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ እሷን ቀና ብላ ታያለች፣ ከዚያ ነው ጫማዋን የምታወልቀው። አንድ ቀን በመስኮት ሳያት (ሳያት ስል እግረ መንገዴን ነው፣ ቆሜ አይደለም) ስታናግራትም ሰምቻለሁ።

ባለፈው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ለስልጠና ባሕር ዳር ትሄጃለሽ ተባለች። እስከ ፋሲካ ዳር ድረስ ልትቆይ ነው። ሻንጣዋን ከዘጋች በኋላ እጄን ይዛ ማሰሮዋ ሥር አቆመችኝ። «እማማ ውበቴ፣ አፈሩን እባክዎ አይንኩት» አለች። «ጣትዎን ሰደድ ያድርጉበት። እርጥብ ከሆነ ይተዉት። ደረቅ ከሆነም ጥቂት ቀን ይታገሱት፣ ከዚያ ትንሽ ውኃ። ሌላ የእናቴ የሆነ ነገር የለኝም።»

እሺ ልጄ አልኳት። እንደ ጨዉ ነው እሺ ያልኳት።

መኪናዋ ደብረ ወርቅ ሳትደርስ ማሰሮዋን አወረድኳት።

ጣቴን ሰደድኩ። አፈር ብሎ የገባ ጣት ጠጠር አገኘ። አሸዋ ነው፣ ደቃቅ ጠጠር ነው፣ የከሰል ፍርፋሪ ነው፣ አፈር የሚባለው መሀል መሀል ላይ ለምልክት ያህል ነው ያለው። መንገድ ሠሪዎች ደፍተውት የሚሄዱት ዓይነት። ደነገጥኩ። ያለንበት አገር ቢቸና ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ዙሪያውን ያ ጥቁር አፈር ተዘርግቶ፣ ጤፉ እያዘነበለ እስኪተኛ የሚያበቅል አፈር፣ እዚህ እኔ ቤት ውስጥ የሙት እናት ማስታወሻ ጠጠር ስትቅም ትኑር? ሰው ቢያይ ምን ይላል? እኔ ራሴ ሌላ ሰው ቤት ባየው ምን እንደምል ስለማውቅ ነው የፈራሁት።

ከጓሮዬ ጥቁሩን አፈር ቆፈርኩ። የከረመ የከብት ፍግ ጨመርኩበት፣ አመድ ጣል አደረግኩ፣ በእጄ አሸሁት። ሲጨበጥ እንደ ደህና ሊጥ ይያያዛል። የድሮውን ጠጠር በሩ ላይ፣ ጭቃ በሚሆንበት በኩል በተንኩትና መቁጠሪያዋን አዲሱ አፈር ላይ አስቀመጥኳት። አንድ ጣሳ ሙሉ ውኃም አጠጣሁ። እንግዳን ዝም ብሎ አስቀምጦ ይሸኟል እንዴ?

ትንሽ ሰንብታ ቀዘዘች። ድብልብሎቹ ተጨማደዱ። እኔ ባለቤቷን ናፍቃ ነው አልኩ። ሙሉዬ ዓይን ነው አለች፤ ከእሷ በቀር ገብቶ ያያት ሰው እንደሌለ ለጊዜው አላነሳሁባትም። ዓይን ከሆነ መድኃኒቱ ይታወቃል። ጠበል አመጣሁ። ልጅቱ ለራሷ ባትጠመቅ እንኳ ተክሏ ትጠመቅ ብዬ አሰብኩ፣ ማን ያውቃል፣ በተክሏ በኩል ወደ እሷም ይሻገር ይሆናል። ጠበል ደግሞ በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው። ተክል ምን በልታ ነው ሆዷ ባዶ የሚሆነው ትሉ ይሆናል። እኔም አስቤበታለሁ። ፀሐይ ነው የምትበላው ብዬ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ መስኮቱን ሳትነካ አጠጣት ጀመር።

ችግሩ ማሰሮዋ ቂጧ ላይ ቀዳዳ ነበራት። ጠበሉ ጠብ ጠብ እያለ ወለሉ ላይ ወረደ። ጠበል በእግር ይረገጣል? አይረገጥም። ጎንበስ ብዬ ነጠላዬን ረገጥኩበት፣ ማለቴ አደረቅኩበት፣ ከዚያም ጭቃና ጭድ ለውሼ ቀዳዳዋን ድፍን አደረግኳት። እንዲያውም ይቺ ልጅ የተማረች ሆና የምታፈስ ማሰሮ ይዛ እንዴት ኖረች እያልኩ ሳማት ዋልኩ።

እናም ምን ሆነ? አበጠች። ድብልብሎቹ ተነፉ፣ ቆዳቸው አብረቀረቀ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሙሉዬን ጠራሁ። የማኅበር ሴቶች እኔ ቤት ተራ ሆኖ ሲመጡ አንድ በአንድ እያስገባሁ አሳየሁ። ሲስተር በጠጠር ያስራበቻትን እኔ አፋፋኋት አልኩ። ልጅቱ ለራሷም እንዲሁ ናት፣ እራቷ ብስኩት ነው የሚል ጨመርኩበት። ከዚያ ደግሞ አፌ አላርፍ ብሎ የሞጣዋን ይርጋነሽን አነሳሁ።

ይርጋነሽ የልጄ የይታያል አማት ናት። ልጄ ልጇን አግብቶ ሞጣ ነው የሚኖረው። አምና እኔን ልትጠይቅ ቢቸና መጥታ ይቺን ተክል አይታ ጎመዠች፤ ንጋትም አንድ ዘለላ ቆርጣ ሰጠቻት። እኔ በዚያው ሳምንት ተክሏ ሞጣ ሳትደርስ ሞተች ብዬ አወራሁ። ያቺ ሴት ለተክል ቀርቶ ለእንግዳ ውኃ አትሰጥም፣ አድርቃ ገድላታለች፣ አልኩ። አላየሁም። ግን ይርጋነሽን ስለማውቃት ያየሁ ያህል ነበር። ለማኅበሩም ይህንኑ ደገምኩት፣ ሴቶቹም ሳቁ።

ማኅበሩ በተበተነ በማግስቱ ነው ሽታው የመጣ።

መጀመሪያ አይጥ የሞተ መሰለኝ። ቀና ስል ድብልብሎቹ ነጥተዋል፣ ውስጣቸው ይታያል፣ አንዷን ነካ ሳደርጋት ጣቴ ላይ ፈሰሰች። ሌላዋን ነካሁ፣ ፈሰሰች። ግንዱን ሳብ ባደርገው ከነሥሩ ሟሙቶ እንደ ራሰ ክር እጄ ላይ ቀረ። አፈሩ ውስጥ ጣቴን ስሰድ ጣቴ ተጣብቆ ቀረ፤ ከላይ ቅርፊት ሠርቷል፣ ከታች ጭቃ ነው።

ያን ጊዜ ነው ባለቤቴ ትዝ ያለኝ፣ ነፍሱን ይማረውና። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ጥቁር አፈር ላይ ክረምት በገባ ቁጥር ፈሰስ ሲያወጣ፣ ውኃው እንዲሸሽ መሬቱን በቦይ ሲሸነትር ኖሯል። ያ አፈር ውኃ ከያዘ እንደማይለቅ አውቆ ነው። ምሳ ይዤለት እየሄድኩ ያንን ቦይ በየዓመቱ የምዘለው ደግሞ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳ ለምን ቦይ ታወጣለህ ብዬው አላውቅም። ወሬ ይዤ ነበር የምሄደው፣ እሱን ነግሬው እመለሳለሁ።

በዚያው ቀን ልጅቱ ደወለች። እንዴት ናት አለችኝ። ደህና ናት አልኩ። ፎቶ አስነስተው ይላኩልኝ ስትለኝ የእኔ ስልክ ዓይን የለውም፣ ሙሉዬም አገር የለችም አልኳት። ሙሉዬ አጠገቤ ቆማለች። «ተመስገን» አለች ንጋት፣ «እዚህ ክፍሉ ባዶ ሆኖብኝ ስለ እሷ ነው የማስበው። በሚመጣው ወር መጨረሻ መጥቼ አያታለሁ።» ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሙሉዬ አየችኝ። ያን ዓይነት አስተያየት የማውቀው ከራሴ ነው፤ ወሬ ያገኘ ሰው እንደዚያ ነው የሚያይ።

መጀመሪያ የሞተችውን ከቤት ማውጣት ነበረብኝ። ግን የት ልድፋት? አፈሩ ጠበል ጠጥቷል። ጓሮ ብደፋው ዶሮ ይጭረዋል፣ መንገድ ብደፋው ሰው ይረግጠዋል። አፈሩን በሣህን ገልብጬ ነጠላ አለበስኩና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ያየኝ ሁሉ ስለት አገባች እያለ እጅ ይነሳኛል። መሪጌታ አካለ ወልድ ቅጥሩ በር ላይ አገኙኝና ምን ይዤ እንደመጣሁ ጠየቁ። አፈር አልኳቸው። አፈር ምን ያደርጋል አሉ። ጠበል ጠጥቶ ነው፣ እሚጣልበት ጠፍቶኝ ነው አልኩ። ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩና ከጥዱ ሥር ድፊው አሉኝ። ስመለስ ታማሚው ማን እንደነበረ ጠየቁኝ። መቁጠሪያ ነው አልኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲያገኙኝ ቀስ ብለው ነው ሰላም የሚሉኝ፣ ጤና እንደሌለው ሰው።

እንግዲህ በዚህ አገር የቀረችው የዚያች ተክል ዘር ሞጣ ይርጋነሽ እጅ የገባችው ነበረች። እሷን ደግሞ እኔ ራሴ ቢቸና ተቀምጬ በወሬ ገድያታለሁ። በሕይወት ኖራ ቢሆን ብዬ ጸለይኩ። የይርጋነሽን ተክል በጸሎት አስባለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት የልጅ ልጆቼ ናፈቁኝ ብዬ አንድ ፌስታል ጎመን ይዤ ተሳፈርኩ። ሞጣ ገብቼ ይርጋነሽ በረንዳ ስደርስ ቆሜ ቀረሁ። ተክሏ ከቆርቆሮው ጠርዝ ተንጠልጥላ ወለሉን ልትነካ ምንም አልቀራትም። አንድ ዘለላ ሆና የሄደችው ተክል መጋረጃ ሆናለች። የኔይቱ ያበጠች ነበረች፤ ይቺ ጠንካራ ናት፣ ስትነካ ኮረር የምትል።

ይርጋነሽ በክብር ተቀበለችኝ። እንደምን ከረሙ እርስዎ፣ እንደምን ሰነበቱ እርስዎ ተባባልን፤ ልጆቻችን ከተጋቡ ጀምሮ እንዲሁ ነን፣ እርስዎ ማለት ለመራቅ ይመቻል። ከዚያ ምሳ ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

አሁን የምነግራችሁ ጾም ይዤ ያደረግኩትን ነው። ብድግ አልኩ። እጄን ዘርግቼ ረዘም ያሉ ዘለላዎች በጣጠስኩና መቀነቴ ውስጥ ወተፍኳቸው። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጸሎት የምታደርግ ሴት መስዬ ዓይኔን ጨፈን አደረግኩ።

ሽሮው መጣ። ለመብላት ጎንበስ ስል መቀነቴ ጨመቅ አደረጋቸውና ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ፈሰሰ። ጎረስኩ። እንደገና ጎረስኩ። እጅ ለመታጠብ ስነሳ ግን ከመቀነቴ ሥር አንዷ ወረደች፣ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ቀጥላ ሌላዋ። ቀጥላ ሌላዋ። ይርጋነሽ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች እግሯ ሥር የደረሰችውን አነሳች።

«መቁጠሪያዎ ተበጠሰ መሰለኝ» አለችኝ። ከዚያ መዳፏ ላይ አገላብጣ አየቻት። አረንጓዴ ናት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የማወራው አላጣም። ያን ቀን ግን ሆዴ ላይ እየፈሰሰብኝ ምን ልበል? ሁሉንም ነገርኳት። ጥቁሩን አፈር፣ ፍጉን፣ ጠበሉን፣ ቀዳዳውን፣ የልጅቱን እናት። አንድ ዘለላ እንድትሰጠኝ ለመንኳት።

ይርጋነሽ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። የግቢውን በር ዘጋች። ከሣጥን መቀስ አወጣችና ከተክሏ ሥር በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«አንቺ ውበቴ» አለች። አንቺ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። «እሰጥሻለሁ። ግን እንዲያው አይደለም። ቢቸና ተቀምጠሽ ስለ እኔ ያወራሽውን ሁሉ እዚህ ፊቴ ላይ ትነግሪኛለሽ። ለአንድ ሐሜት አንድ ዘለላ።»

«ጾም ነው እኮ» አልኳት።

«ስትሰርቂም ጾም ነበር።»

በትንሿ ጀመርኩ። ጠጉርሽን ቀለም ትቀቢያለሽ ብያለሁ አልኩ። ቆረጠች። ስታስቀድሺ ግድግዳ ተደግፈሽ ታንኮራፊያለሽ ብያለሁ። ቆረጠች። ባልሽ የሚጾመው ለጽድቅ ሳይሆን ስለማታበዪው ነው ብያለሁ ስላት ከንፈሯ ሊፈታ ምንም አልቀረውም፣ መልሳ ገጠመችው። ስኳሩን ቆልፈሽ ቁልፉን ከማተብሽ ጋር አንገትሽ ላይ ታስሪያለሽ ብያለሁ። እጇ ሳታውቀው ወደ አንገቷ ሄደ፤ ቁልፉ እዚያው ነበር። ቆረጠች። ለልጆቹ ሠርግ ያቀረብሽው ጠላ ቅራሪ ነበር ብያለሁ። ቅራሪ አልነበረም አለች። እንግዲያው አትቁረጪው አልኳት። እውነቱን መች ጠየቅኩሽ፣ ያልሽውን ነው የጠየቅኩሽ አለችና ቆረጠች።

ጭኔ ላይ የተዘረጋው ነጠላ በዘለላ ሞላ። ይበቃኝ ነበር። አንዷ ሐሜት ግን ቀርታ ነበር፣ እሷን ሳልናገር ብነሳ ዘለላዎቹ የሚይዙልኝ አልመሰለኝም።

«ልጅሽን ለልጄ የሰጠሽው ሌላ ጠያቂ አጥተሽ ነው ብያለሁ» አልኳት።

መቀሱ ቆመ። ይርጋነሽ ጭኗ ላይ አኖረችው። ልጆቹ ሰምተዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ አልሰሙም አልኳት፣ እውነት ነው።

«ጠያቂማ ነበራት» አለች ቀስ ብላ። «የአንቺን ልጅ የመረጥኩት እኔ ነኝ። እናቱ አፏ አያርፍም፣ ሆዷ ግን ንጹሕ ነው፣ ልጄን አታስከፋብኝም ብዬ ነው።»

ከዚያ ብድግ ብላ ወለሉን ልትነካ የቀረበችዋን፣ ከሁሉ ረጅሟን ዘለላ ቆረጠችልኝ። ተቀብዬ ጭኔ ላይ ካሉት ለይቼ አስቀመጥኳት። ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ አፍንጫዬን ጠረግኩበት።

እንባዬ አልቆየም እንጂ። አንዴ አፌ ከሟሸ በኋላ ያልተጠየቅኩት ሁሉ ይመጣ ጀመር። ስለ ጥርሷ፣ ስለ ጓዳዋ፣ ስለ እህቷ ስነግራት ይርጋነሽ መቀሱን ወርውራ እጄን ያዘችኝ። «በቃሽ፣ ተክሌን ላጨሻት» አለች። ቀና ብዬ ሳይ እውነትም የማሰሮዋ አንዱ ወገን ራሰ በራ ሆኗል። ተያየን፣ ከዚያ ሁለታችንም ወገባችንን ይዘን ሳቅን።

ማሰሮዋን አውርዳ አሳየችኝ። የወንዝ አሸዋ ነው፣ የሰበረችው ገንቦ ገል ተወቅጦ አለበት፣ የከሰል ፍርፋሪ አለበት፣ አፈሩ አንድ እፍኝ ቢሆን ነው። ጥሩ አፈር ለእሷ አላባክንም ብዬ ነው አለችኝ። ውኃም ትዝ ስትላት ነው የምታጠጣት፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ትዝ አትላትም። ክረምት ሲገባ ዝናብ እንዳይነካት ወደ ውስጥ ታስገባታለች። ዓመት ሲሞላው ደግሞ አፈሩ እየደቀቀ እየተጣበቀ ስለሚሄድ አውጥታ ትነፋዋለች፣ ዱቄቱን ትደፋለች፣ አሸዋውን ታጥብና መልሳ ትጠቀምበታለች፤ አዲስ አሸዋ ለማምጣት ስለሚሰለቻት። ስስታም ናት ብዬ ያወራሁት አንዱም አልተሳሳተም። ተክሏ የምትወደው ለካ ስስታም ነው።

«አፈሩን እርጥብ አድርገሽ በእጅሽ ጨብጪው» አለችኝ። «ስትለቂው ከተበተነ ለእሷ ነው። ከተያያዘ ለግድግዳሽ ነው።» የተቆረጠው አፉ ጥቂት ቀን ጥላ ላይ ተኝቶ ይድረቅ፣ ሳይደርቅ እንዳትተክዪው ብላ አስጠነቀቀችኝ። ከዚያ የልጅቱን ጠጠር የት እንዳደረግኩት ጠየቀችኝ። በሬ ላይ በተንኩት አልኳት።

«ሂጂ ልቀሚው» አለችኝ።

እንዲህ ሆኖ ነው ቢቸና የውበቴን ጉድ ያየው። በሬ ላይ ተንበርክኬ፣ ወንፊት ይዤ፣ ጠጠር እለቅማለሁ። አሸዋውን በመጥረጊያ፣ ከሰሉን በጥፍሬ። የሚያልፈው ሁሉ ምን ጠፋብሽ ይላል። ቀለበት ነው ብል አብሮኝ ሊፈልግ ይንበረከካል፣ ጠጠር ነው ብል ደግሞ ዓይኔን ያየኛል። ሙሉዬ በርጩማ አምጥታ ከበሯ ፊት ተቀምጣ ነው ያየችኝ፤ ቆሎም ይዛ ነበር። ጠጠሩን አጠብኩ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። የማሰሮዋን ቀዳዳ በወስፌ ጎርጉሬ ከፈትኩ። በጭድ የለወስኩት ጭቃ እንዴት ያለ ጠንካራ ጭቃ ነው እባካችሁ፣ ለቤቴ ግድግዳ እንኳ እንዲያ አላቦካሁም።

ዘለላዎቹን ጠጠሩ ላይ ጠቅልዬ አስተኛኋቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የከበደኝ። አለማጠጣት። እጄ ይበላኛል። ጣሳውን አነሳለሁ፣ መስኮቷ ሥር እደርሳለሁ፣ ተመልሼ ጎመኔ ላይ እደፋዋለሁ። ጎመኑ በዚያ ወር ሰጠመ። ይርጋነሽ እየደወለች አጠጣሽ ትለኛለች፣ አላጠጣሁም እላለሁ፣ ጎበዝ ትለኛለች። ከዚያ ወሬ እንጀምራለን። እርስዎ መባባሉም በዚያው ቀረ።

ንጋት ስትመጣ ከሰዓት በኋላ ነበር። የምላትን አዘጋጅቻለሁ። ጠጉሯ ስለረዘመ አሳጠርኳት ልላት ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ ቀና አለች። ከማሰሮዋ አፍ የሚንዠረገግ አልነበረም፤ ጥቂት ዘለላ ጠጠሩ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ አንዷ ብቻ ጠርዙን አልፋ ወጣ ብላለች። ልጅቱ ማሰሮዋን አወረደችና አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ጣቷን ጠጠሩ ውስጥ ሰደደች። ፊቷን ሳይ ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ልጄ፣ ገድያታለሁ» አልኳት። «የእናትሽን ገድያታለሁ። ይቺ የይርጋነሽ ናት።»

«አውቃለሁ» አለች። «መኪናው ሞጣ ሲያድር እማማ ይርጋነሽ ጋ ነው ያደርኩት።»

እንግዲህ ሰምታለች። ጠበሉንም፣ መቀነቴንም፣ ጠጠር መልቀሜንም። ብስኩቱንም ሰምታ ይሆን ብዬ ተሳቀቅኩ። ንጋት ግን ማሰሮዋን እያየች እናቷም አንድ ክረምት ይቺኑ ተክል ዝናብ ላይ ረስተው እንዳበሰበሷት፣ ከእህታቸው ቤት ዘለላ መልሰው እንደተከሉ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጡ ነበር፤ ሰው ቤት ያለች አትጠፋም እያሉ። ለይርጋነሽ የሰጠኋትም ለዚያ ነው አለች። እኔ ደግሞ ለዚያች ስስታም ለመስጠት ምን አስጨነቃት ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ አምቻት ነበር።

ከዚያ ጠርዙን አልፋ የወጣችዋን ዘለላ በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ ብላ ሳብ አደረገቻት። ጠጋ አልኩ። ዘለላዋ ተወጠረች፣ አልመጣችም። ሌላዋን ሳበች። እሷም አልመጣች።

«ይዘዋል» አለች። ከዚያ ነው ጫማዋን ያወለቀችው።

ክረምቱ ሲወጣ ሲስተር ከእሷ ቆርጣ ለእኔም የራሴን ማሰሮ አበጀችልኝ። አፈሩን እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ጨብጬ ስለቀው ይበተናል። ጠበል አልሰጣትም፣ ጠበሉን አሁን የምጠጣው ራሴ ነኝ፣ ጨውም ትንሽ ቀንሻለሁ። እንዲያ ሆና ተንዠርግጋ ሙሉዬ አየቻትና ትናንት አንድ ዘለላ ስጪኝ ብላ መጣች።

በርጩማ ሳብኩላት። መቀሱን አመጣሁ። ቢቸና ውስጥ ስለ እኔ ያወራሽውን ፊቴ ላይ ትነግሪኛለሽ፣ ለአንድ ሐሜት አንድ ዘለላ አልኳት። መቼም ጥቂት ብትሆን ነው ብዬ ነው። ሙሉዬ ነጠላዋን ጭኗ ላይ ዘረጋች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ከጠጠር መልቀሜ ጀመረች። ወደ ጠበሉ ሄደች። ከዚያ ወደ ኋላ፣ እኔ የረሳሁት ዘመን ድረስ ሄደች። መቀሱን ስይዝ ፀሐይዋ ግቢው መሀል ነበረች፣ ስትዘቀዝቅም ሙሉዬ አላበቃችም። ማሰሮዬን ቀና ብዬ አየኋት፤ አንዱ ወገን ተላጭቷል።

«ሙሉዬ» አልኳት፣ «ቀሪውን ለነገ እናሳድረው።»

«እሺ» አለች ነጠላዋን እየሰበሰበች፣ «ገና ወደ ዋናው አልገባሁም።»